አታቅልሉልን፣ አታቃልሉን!

ነገሩ የተጀመረው በኳኳታ ነው።

ፒያኖ የምትጫወት አንዲት ወዳጅ አለችን። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጎረቤት እንዳይማረርባት ስትል የኤሌክትሪክ ፒያኖዋን በጆሮ ማዳመጫ ነው የምትለማመደው። እናም ቡና ልንጠጣ ቤቷ በሄድን ቁጥር ሙዚቃውን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት፤ ለእኛ የሚደርሰን የቁልፎቹ ኳኳታ ነው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ… አንድ ቅዳሜ ግን ኳኳታው ለየት አለብን። አንዲት ቦታ ላይ እየደረሰች ትቆማለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትነሳለች። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲያልፍ እሷ ከዚያችው ቦታ ፈቀቅ አላለችም።

«አንቺ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያሰቃይሽ?» አልናት።

ማዳመጫውን ነቀለችና አሰማችን። የግራ እጇ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ነክቶ ተወረወረና ብዙ ድምፆች ባንድ ላይ የሚጮሁበት ቦታ ላይ ዐረፈ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። «ይቺ ናት» አለችን። «የሥራው የመጀመሪያ መስመር ናት። ይቺን ዝላይ ስዘል ሁለት ወር ሆነኝ።» ቀጥላም ቀሪውን ከስልኳ ከፍታ አስደመጠችን። አርባ ምናምን ደቂቃ። ፈንዲሻው አልቆ፣ ከሰሉ ከስሞ፣ ማናችንም አልተነሳንም።

እኛ ደግሞ ጋዜጠኝነት የተመረቅን ሴት ልጆች ነንና ያየነውን ይዘን ዝም ማለት አይሆንልንም። በነጋታው ሐሳብ ጻፍን። ስለዚህ ሥራና ስለ ወዳጃችን የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እንሥራ ብለን ወደ አንድ ራዲዮ ጣቢያ አመራን (ስሙን ተዉት)። የተቀበሉን አዘጋጅ አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው። ወረቀታችንን በትሕትና አነበቡ። ሙዚቃውን ከፈትንላቸው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን አነሱ።

«ልጆቼ፣ ሦስት ደቂቃ ልስጣችሁ» አሉ። «ከዜና በፊት ክፍት ቦታ አለን። ግን ይሄን ሳይሆን ለስለስ ያለች፣ ዘና የምታደርግ ነገር አምጡ። አድማጭ ይሄን አይችልም።»

አድማጭ ይሄን አይችልም! አድማጩን ጠይቀውት ነው? አልጠየቁትም። ሙያውን ተምረናል ባዮች ነንና ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከነእህቶቿ እናውቃታለን፦ «አንባቢ አይገባውም»፣ «ተመልካች ይሰለቻል»፣ «የዛሬ ወጣት ትዕግሥት የለውም»። ስለ ወጣቱ ይህን የሚሉት ሰዎች ወጣቱን አነጋግረው አያውቁም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእሳቸውም ለእህቶቿም መልስ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ። «ማቃለል» የሚለው ግስ በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው፤ ችግር ይቃለላል፤ ሰውም ይቃለላል። ከባድ ሥራን ቆራርጦና አለስልሶ ለአድማጭ ማቅረብ ችግር ማቃለል ይመስላል። እኛ ግን ሰው ማቃለል ነው እንላለን። አድማጩንም፣ ተጫዋቿንም፣ የጻፈውንም ሰውዬ። ምስክራችን ደግሞ ያቺ ሁለት ወር የተዘለለባት ሥራ ናት።

ሥራው ምንድን ነው?

የሉድቪግ ቫን ቤቶቨን የፒያኖ ሶናታ ቁጥር 29 ነው፤ ኦፐስ 106፣ በቢ ፍላት ሜጀር። በ1817 እና በ1818 ተጽፎ በ1819 ቪየና ውስጥ አርታሪያ በተባለው አሳታሚ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተበረከተው የቤቶቨን ተማሪና ደጋፊ ለነበረው ለአርክዱክ ሩዶልፍ ነው። «ሃመርክላቪር» የሚለው መጠሪያው ሲሰሙት ያስፈራራል፤ ትርጉሙ ግን በጀርመንኛ ፒያኖ ማለት ብቻ ነው። ቤቶቨን በዚያ ሰሞን የሙዚቃ ቃላትን ከጣልያንኛ ወደ ጀርመንኛ ልመልስ ብሎ ተነስቶ ነበርና ስሙ እዚህ ሥራ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አራት ክፍሎች አሉት። ሙሉው ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ሦስተኛው ክፍል ብቻውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ሰውየው ያኔ በምን ላይ ነበር? ጆሮው እየከዳው ሄዶ፣ ከ1818 ጀምሮ እንግዶቹ የሚሉትን በደብተር እየጻፉ ያነጋግሩት ነበር። ወንድሙ በ1815 ሞቶ፣ የወንድሙን ልጅ ማን ያሳድገው በሚል ከልጁ እናት ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ቤቱ ቤት አልሆን ብሎታል፤ ስለ ሠራተኛውም፣ ስለ ልብስ አጠባውም፣ ስለ ምግቡም የሚያማክራት ናኔት ሽትራይኸር የተባለችውን ሴት ነበር፤ በነዚያ ሁለት ዓመታት ብቻ ከ60 በላይ ደብዳቤና ማስታወሻ ጽፎላታል። በነገራችን ላይ ናኔት ደግ ጎረቤት ብቻ አልነበረችም። በቪየና ስሟ የታወቀ የፒያኖ ሠሪ፣ የራሷን ድርጅት የምታስተዳድር ባለሙያ ነበረች። ይህን የምንጠቅሰው «ፒያኖና ሴት ልጅ» ሲባል ትዝ የሚላችሁ ለእንግዳ የምትጫወት ሙሽራ ብቻ እንዳትሆን ነው።

«ጉራ ነው!»

የመጀመሪያው ክስ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ የሚመርጥ ፒያኒስት ጣቶቹን ሊያሳየን ፈልጎ ነው ይባላል። ለዚህ ክስ ወደ ወዳጃችን ዝላይ እንመለስ።

ያ ዝላይ ለግራ እጅ የተጻፈ ነው። ብዙ ፒያኒስቶች ግን ለሁለት እጅ ያካፍሉታል። እንዲህ ሲያደርጉ መሳት የለም፤ አደጋም የለም። የሚነኩት ቁልፎች ያው ናቸው። ጉራ የሚፈልግ ሰው በእርግጥ ይህንን ነው የሚመርጠው፤ ምክንያቱም በሺህ ሰው ፊት የመጀመሪያዋን ኖታ ስቶ ከመጀመር የበለጠ ውርደት የለም። ወዳጃችን ግን እምቢ አለች። ለምን? ያለችው እንዲህ ነው፦ «አንድ እጅ ሲወረወር መንገድ ይሄዳል። መንገድ የሚሄድ እጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በጣም ትንሽ ጊዜ። ያቺ ጊዜ ሙዚቃው ውስጥ ትሰማለች። ለሁለት እጅ ካካፈልኩት ኖታዎቹ አሉ፤ ዝላዩ ግን የለም።»

አያችሁ? ችግሩ ለጌጥ አልተለጠፈም። ችግሩ ራሱ የሚባለው ነገር ነው። ሙዚቃው ስለ መወርወር ነው የሚያወራው፤ ሳይወረወሩ ማውራት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

የፍጥነቱም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቶቨን ከጻፋቸው 32 የፒያኖ ሶናታዎች ውስጥ የሜትሮኖም ቁጥር የሰጠው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው። ሜትሮኖም በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ የሚቆጥር መሣሪያ ነው፤ ዮሃን ሜልዝል በ1815 በስሙ ያስመዘገበው። ለመጀመሪያው ክፍል የሰጠው ቁጥር በደቂቃ 138 ግማሽ ኖታ ነው። ይሄ አስደንጋጭ ፍጥነት ነው። እናም ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰበብ ሲደረደር ኖሯል፤ ሜትሮኖሙ ተበላሽቶ ነው፣ አይሰማም ነበርና በጭንቅላቱ ብቻ አስቦት ነው፣ ተሳስቶ ነው። ሰበቡ ካለቀ በኋላ ብዙዎች ቀስ አድርገው፣ ግርማ ሞገስ ሰጥተው፣ እንደ ሐውልት አቁመው ይጫወቱታል። ያምራል። ምንም አይወድቅም። ምንም ስለማይወድቅም ማንም አይጨነቅም።

አርተር ሽናቤል የተባለው ፒያኒስት ግን በ1935 ለንደን ውስጥ ሲቀዳው ያንን ቁጥር አምኖ ተነሳ። አልደረሰበትም። ጣቶቹ የሳቷቸው ኖታዎች እስከ ዛሬ ቅጂው ላይ አሉ፤ ማንም ይሰማቸዋል። ቅጂው ግን እስከ ዛሬ ይደመጣል። አንድ ስሕተት የሌለባቸው ስንትና ስንት ቅጂዎች ባሉበት ዘመን የሽናቤልን ስሕተት ፈልጎ የሚያዳምጥ ሰው ምን ፈልጎ ይመስላችኋል? ሰው ከአቅሙ በላይ ወደሆነ ነገር ሲሮጥ መስማት ፈልጎ ነው። ከጉራ ጋር ምን አገናኘው? ጉረኛ እንዲህ ራሱን አያጋልጥም።

«አድማጭ አይችልም» ለሚሉትም አንድ እውነት እንጨምር። አንድራስ ሺፍ የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ፒያኒስት ከ2004 እስከ 2006 ለንደን ውስጥ በዊግሞር ሆል የቤቶቨንን ሶናታዎች አንድ በአንድ፣ በፒያኖ እያሳየ፣ ለተራ አድማጭ አስረድቷል። ይህኛውንም ሳይዘል፤ ፍጥነቱም ሳይናቅ መወሰድ አለበት ብሎ ተከራክሮለት። ሰው ትኬት ቆርጦ የመጣው ሊብራራለት እንጂ ሊቀነስለት አልነበረም። ማብራራት ሌላ፣ መቀነስ ሌላ።

«መስማት የተሳነው ሰው ጫጫታ ነው!»

ሁለተኛው ክስ ይሄ ነው፤ በቤቶቨን ዘመንም ከዚያም በኋላ በየመልኩ ተብሏል። የማይሰማ ሰው ምን እንደሚሰማ አያውቅም፤ ስለዚህ የማይሆን ነገር ጻፈ ነው ነገሩ።

እስቲ ሦስተኛውን ክፍል እንይ። ሥራው እንደተጠናቀቀ ቤቶቨን ቅጂውን ለንደን ለሚኖረው ለቀድሞ ተማሪው ለፈርዲናንድ ሪስ ልኮ ነበር፤ እዚያም እንዲታተም። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። በሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሁለት ኖታ ጨምርልኝ የሚል። ሁለት ኖታ! ይህን ሁሉ ገጽ፣ በሺህ የሚቆጠር ኖታ የያዘ ሥራ ላይ፣ በፖስታ፣ አገር አቋርጦ፣ ሁለት ኖታ። ሪስ ራሱ በኋላ እንደተረከው መጀመሪያ የመምህሩን ጤንነት ተጠራጠረ። ኖታዎቹን ካስገባ በኋላ ግን ነገሩ ገባው።

ምን ያደርጋሉ እነዚህ ሁለት ድምፆች? ቀስ ብለው፣ ከታች፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ያ ረጅም ሐዘን ይጀምራል። ያለ እነሱ አድማጩ በር ሳያንኳኳ ልቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ይሆናል። ሌላም አለ። ይህ ሶናታ ከዳር እስከ ዳር የተገነባው «ሦስተኛ» በሚባለው የድምፅ ርቀት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍልም የመጨረሻውም በዚያው ርቀት እየተረማመዱ ይሄዳሉ። ሁለቱ ኖታዎችም የሚወጡት ያንኑ ርቀት ነው። እንዲህ ያለውን ከጭንቅላቱ የሰማ ሰው ነው «አይሰማም» የተባለው! ጆሮው አይሰማ ይሆናል። ምን እንደጻፈ ግን ከሁላችንም በላይ ሰምቷል።

የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ፊውግ ነው። ፊውግ ማለት አንዱ ድምፅ አንድ ዜማ ይዞ ሲነሳ፣ ሌላው ያንኑ ይዞ ሲከተል፣ ሦስተኛው ሲጨምር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ የየራሱን መንገድ እየሄደ የሚስማሙበት አጻጻፍ ነው። ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ሲያወሩ አንዱም ሳይሸፈን እንደ መስማት ነው። እዚህ ዜማው በትልቅ ዝላይ ይነሳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ይሮጣል። ቤቶቨን ይህንኑ ዜማ አንድ ቦታ ላይ ከኋላ ወደ ፊት አስነብቦታል፤ ሌላ ቦታ ላይ ገልብጦታል፤ የሚወጣው እንዲወርድ፣ የሚወርደው እንዲወጣ። መሐል ላይ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይልና አዲስ፣ ረጋ ያለ ዜማ ይመጣል። ዐረፍን ስንል ያ የረጋው ዜማና ያ የሚሮጠው ዜማ አብረው ይሄዳሉ። ጥላቸው ሳይበርድ ይታረቃሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ማዳመጥ ይዛችሁ አትወጡም። እኛም አልወጣንም። ግን ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መምህሩን «ሰሙን ተዉትና ወርቁን ብቻ ይንገሩኝ» ይላል እንዴ? ወርቁ የሚገኘው ሰሙን ባለፉ ሰዎች ዘንድ ነው። እዚህም ያው ነው።

«ቤቶቨን ራሱ ፈቅዶ የለ!»

ይህ ሦስተኛው ክስ ብልህ ክስ ነው፤ ስለዚህ ሳንሸሽ እንመልሰው። እውነት ነው፤ ቤቶቨን በ1819 ለሪስ በጻፈው ደብዳቤ ሶናታው ለለንደን የማይመች ከሆነ የክፍሎቹን ተራ መቀያየር፣ አንዳንዱን መተው፣ አልፎም የመጀመሪያዎቹን ብቻ ማሳተም እንደሚቻል ፈቅዶ ነበር። የለንደኑ እትምም በእርግጥ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። «ባለቤቱ የፈቀደውን እናንተ ማን ናችሁና ትከለክላላችሁ?» ልትሉን ትችላላችሁ።

መልሳችን፦ ሰውየው ምን ሲል እንደፈቀደ እዩ። ሥራው በችግር ውስጥ የተጻፈ መሆኑን፣ ለእንጀራ ሲሉ መጻፍም ከባድ መሆኑን ለዚሁ ለሪስ ነግሮታል። ገንዘቡ ያስፈልገው ነበር። ቪየና ውስጥ፣ በቅርቡ ሆኖ ባሳተመው እትም ላይ ግን አራቱም ክፍሎች በየቦታቸው ናቸው። እስቲ ልጠይቃችሁ አይደል፣ እንጠይቃችሁ፦ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው በግማሽ ዋጋ የሸጠው ዕቃ ዋጋው ግማሽ ነው ማለት ነው? ችግር ያስፈረመውን ፈቃድ እንደ ምርጫ ማንበብ ግፍ ነው።

ደግሞም እስቲ ቆርጠን እንየው። የሬዲዮው አዘጋጅ ሦስት ደቂቃ ሰጥተውን የለ? ሁለተኛው ክፍል ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ልክ ይገባል! ግን ያ ክፍል ምንድን ነው? የመጀመሪያውን ክፍል ግርማ ይዞ የሚያሾፍ ቀልድ ነው። የመጀመሪያውን ያልሰማ ሰው በማን ላይ እንደሚሾፍ በምን ያውቃል? ቀልዱን ትታችሁ ሐዘኑን ብቻ ብትወስዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ለቅሶ ይሆናል። ፊውጉን ብቻ ብትወስዱ ያ ሁሉ ሩጫ ከምን ለማምለጥ እንደሆነ ይጠፋል። የተቆረጠ ነገር አጠረ ይባል ይሆናል፤ ቀለለ ግን አይባልም። እንዲያውም የማይገባ ሆነ። «አድማጭ አይገባውም» የምትሉን እንዳይገባው አድርጋችሁ ካቀረባችሁት በኋላ ነው።

«ለእኛ አይሆንም!»

የመጨረሻው ክስ የሚመጣው ከጓደኞቻችን ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም ያማል። «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የሀብታም ነው፣ የተመረጠ ሰው ነው።»

የተመረጠ ሰው? አራቤላ ጎዳርድ የተባለች ልጅ በ1853 ለንደን ውስጥ ሕዝብ ፊት ስትቀርብ ይህንኑ ሶናታ በቃሏ ተጫወተችው። ዕድሜዋ 17 ነበር። ሶናታው ከታተመ 34 ዓመት ቢሆነውም ሊደፍረው የሚችል ፒያኒስት ገና በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእሷ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1836፣ የ24 ዓመቱ ፍራንዝ ሊስት ፓሪስ ላይ ሲጫወተው የሙዚቃ ደራሲው ኤክቶር ቤርሊዮዝ ኖታውን በእጁ ይዞ እየተከታተለ ነበር፤ ከዚያም በጋዜጣ ለዓለም አወራ። ቻይናዊቷ ዩጃ ዋንግ በ2016 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል ላይ ይህንኑ ሥራ ተጫውታለች፤ ስለ ዩጃ ዋንግ የቀሚስ ርዝመት ግን ስንት ወረቀት እንደተጨረሰ ቤት ይቁጠረው። የ17 ዓመት ልጅ፣ የ24 ዓመት ልጅ፣ በቀሚሷ የምትለካ ሴት። ይሄን ሥራ የተሸከሙት ወጣቶች ናቸው። እኛን የሚያህሉ!

«የፈረንጅ ነው» ለሚሉን ደግሞ ብዙ ርቀን አንሄድም። እዚሁ አዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ይማሩበታል። ግርማ ይፍራሸዋ ከዚያ ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሮ የአውሮፓውያኑንም፣ በአገሩ ዜማ ላይ የሠራቸውን የራሱንም ሥራዎች በየመድረኩ ይጫወታል። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ ቫዮሊንና ፒያኖ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት! ዛሬ የእሳቸውን ሙዚቃ «ዘና ማድረጊያ» እያሉ ከማኪያቶ ጋር የሚያቀርቡልን ሰዎች ዘጠኙን ሰዓት ደብቀውብን ነው። ያ እንደ ውኃ የሚፈስ የሚመስለው ነገር ከየት የተቀዳ ይመስላችኋል?

ፒያኖ ውድ መሆኑን እናውቃለን። የወዳጃችን ፒያኖ እንኳ በቁጠባና በብድር የተገዛ ነው፤ በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ቁልፎቹ ያልቃሉ፤ 88ቱ ያስፈልጋሉ። ይሄ ግን የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ በገንዘብ ጥያቄነቱ ይነሳ። መግዛት አለመቻልን «አይገባችሁም» ብሎ መተርጎም ሌላ ነገር ነው። ማዳመጥ ደግሞ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ስልክ ይቻላል።

እኛስ?

ቀላል ነገር አንወድም እያልን አይደለም። ታክሲ ውስጥ የሚከፈተውን ዘፈን አብረን እንዘፍናለን፤ ሠርግ ላይ እንጨፍራለን፤ ለመተኛትም ሙዚቃ እንከፍታለን። ቀላል ነገር ቀላል ሆኖ ሲሠራ ደስ ይላል። ጠባችን ከባዱን አቅልለን ካላቀረብንላችሁ አትችሉም ከሚሉን ጋር ነው።

እጃችንም ንጹሕ አይደለም። ስንት ጊዜ «ማወቅ ያለብዎት አምስት ነገሮች» ብለን ጽፈናል? ስንት ጊዜ የአንድን ሰው የሠላሳ ዓመት ልፋት «ውጣ ውረድን አልፎ ለስኬት በቃ» በምትል አንዲት መስመር ዘግተናል? ሙያው የተማርነውን ያህል መቆራረጥም ተምረናል። የሬዲዮው ሰውዬ ከእኛ የሚለዩት በዕድሜ ብቻ ነው፤ ካልተጠነቀቅን ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ወረቀት ይዘው ለሚመጡ ልጆች «ልጆቼ፣ ሦስት ደቂቃ» የምንለው እኛው ነን። ይሄ ነው የሚያስፈራን። የሃመርክላቪር መታፈን ብቻ አይደለም፤ የሚታፈነውማ ሥራ ሁለት መቶ ዓመት ኖሯል፤ ያለ እኛም ይኖራል። እኛ ግን ከባድ ነገር ሳንሞክር፣ እንዳንሞክር ታዝኖልን፣ ልናረጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ለጣቢያዎቹ፦ በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ማስታወቂያ በማይገዛበት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ስጡን። አሥር ደቂቃ እናብራራለን፤ ቀሪውን ዝም ብለን እናሰማለን። አድማጭ ከጠፋ ያኔ አባሩን። ለአንባቢዎቻችን ደግሞ፦ አንድ ቅዳሜ ምረጡ። ስልኩ ለመደወያነት ሳይሆን ለማዳመጫነት ይሁን። ሦስት ጊዜ አዳምጡት። በመጀመሪያው ትደናገራላችሁ፤ ተደናገሩ። በሁለተኛው ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ጠብቁት፤ እነዚያን ሁለት ኖታዎች ልትለዩአቸው ሞክሩ። በሦስተኛው ፊውጉ ውስጥ ያቺ የረጋች ዜማ መቼ እንደምትገባ፣ ከሯጩ ጋርም መቼ እንደምትገናኝ ተከታተሉ። ከዚያ አልወደድነውም ብትሉ መብታችሁ ነው፤ ቢያንስ አለመውደዱን እናንተ ወሰናችሁት፤ ማንም አልወሰነላችሁም።

ወዳጃችንን ባለፈው ቅዳሜ ጠይቀናት ነበር። ዝላዩን ከአሥሩ ሰባቱን ታገኘዋለች። «ሦስቱስ?» አልናት። «ሦስቱን እስታለሁ» አለች፤ ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች። እኛም ቡናችንን ይዘን ኳኳታውን ማዳመጥ ቀጠልን። አሁን የት ቦታ እንደደረሰች በኳኳታው ብቻ እናውቃለን።